ፍሎራይድ በወንዝና በሐይቅ ዓሣ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ነገሩ የተነሣው በምግብ አዳራሽ ነው። ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበረ ዓሣ ቀርቦልን ነበር። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ብንጀምረው የመጽሔቱ ገጽ ስለማይበቃን እንለፈው።) አብረውን ይበሉ ከነበሩት ጓደኞቻችን አንዱ የዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ልጅ ነው። በዚያ አገር በብዙዎች ላይ እንደሚታየው የእርሱም ጥርስ ቡናማ ጠቃጠቆ አለበት። ይህም ትንባሆ ከማጨስ ወይም ጥርስን ካለመፋቅ የመጣ አይደለም፤ በልጅነቱ፣ ጥርሱ ገና ከድዱ ሳይወጣ፣ የጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ነበረ ነው። ታዲያ ይህ ጓደኛችን የዓሣውን አጥንት ከሥጋው እየለየ ሳለ ቀና ብሎ፣ «እንዲያው ለመሆኑ ውኃው የእኔን ጥርስ እንዲህ ካደረገው፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያረጀውን ዓሣ ምን ያደርገው ይሆን?» ሲል ጠየቀን።

መልስ ያለው አልተገኘም። እኛ የመልክዐ ምድር ተማሪዎች ነን እንጂ የኬሚስትሪም የእንስሳት ጥናትም ሰዎች አይደለንም። ሆኖም ጥያቄው አልለቀቀንም። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ፈለግን፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንንም አስቸገርን። መጀመሪያ የጠበቅነው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ፣ ይኸውም ይህን ያህል ፍሎራይድ ዓሣ ይገድላል፣ ከዚህ በታች ከሆነ ግን አይጎዳም የሚል ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። የሌለበት ምክንያት ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘነው ይህን ጽፈናል።

ስለ ቅመሙ ጥቂት እንበል። ፍሎሪን ከሌሎች ቅመሞች ጋር ለመጣመር የሚቸኩል በመሆኑ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም ማለት ይቻላል። ነጥለው ለማውጣት የሞከሩ ኬሚስቶች ብዙ መከራ አይተዋል፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። የተሳካለት ፈረንሳዊው አንሪ ሟሳን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1886 ነው። ፍሎራይድ የምንለው ግን ይኸው ቅመም ከሌላ ጋር ተጣምሮ በድንጋይ ውስጥ ሲገኝ ወይም በውኃ ሟሙቶ ሲሄድ ነው። ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ጥርስን ያበላሻል፤ ከዚያም አልፎ ሲበዛና ብዙ ዓመት ሲቆይ አጥንትን ያደነድናል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የሆነውን የሰማ ይህን አይጠራጠርም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመት የጉድጓድ ውኃ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል አከርካሪያቸው ደርቆ ጎንበስ ቀና ማለት ያቃታቸው ነበሩ።

የስምጥ ሸለቆአችን ውኃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ምክንያት ከእኛ ትምህርት ጋር ስለሚገናኝ እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አይፈረድብን። ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ነጣ ያለ አመድና ባልጩት ፍሎሪን አለበት። ውኃ በዚህ ውስጥ እየሰረገ ሲያልፍ፣ በተለይም የምድር ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው፣ ፍሎራይዱን አሟሙቶ ይወስዳል። ይህ ብቻ ቢሆን ችግሩ ይህን ያህል ባልከፋ ነበር፤ ፍሎራይድ በቂ ካልሲየም ካገኘ ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣልና። ነገር ግን የሸለቆው ውኃ ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ካልሲየሙ አስቀድሞ የኖራ ድንጋይ እየሆነ ያልቃል፤ ፍሎራይዱም የሚይዘው አጥቶ በውኃው ውስጥ ይቀራል። በዚህ ላይ ሐይቁ መውጫ የሌለው ሲሆን ፀሐይ ውኃውን ብቻ እየወሰደች ጨውንና ፍሎራይድን ትተዋለች። ከዚህም የተነሣ መውጫ ያለው ዝዋይ በአንድ ሊትር ሁለት ሚሊግራም ገደማ ፍሎራይድ ሲኖረው፣ ላንጋኖ ከ10 ይበልጣል፤ አቢጃታና ሻላ ደግሞ ከ100 ያልፋሉ። አራቱም በአንድ ቀን ተጉዘው የሚጎበኟቸው ጎረቤታሞች ናቸው! የዓለም የጤና ድርጅት ለሰው መጠጥ ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እንግዲህ እንቆቅልሹ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በላንጋኖ ቆሮሶም አምባዛም ይጠመዳል። ለሰው ከተፈቀደው ከስድስት ጊዜ በላይ ፍሎራይድ ባለበት ውኃ ውስጥ ዓሣው ይዋለዳል፣ ያድጋል፣ ለገበያ ይቀርባል። ታዲያ ፍሎራይድ ዓሣን አይነካም እንበልን?

በአሜሪካ የዩታ ሊቃውንት የሆኑት ኒውሆልድና ሲግለር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ጥናት እንዲህ እንዳንል ይከለክለናል። እነዚህ ሰዎች ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለውን ዓሣና ካርፕን ፍሎራይድ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ እያኖሩ ተከታተሉ። ጨውና ኖራ በሌለው ለስላሳ ውኃ ውስጥ ከ2.7 እስከ 4.7 ሚሊግራም የሚደርስ ፍሎራይድ በ20 ቀን ውስጥ የትራውቱን ግማሽ ፈጀ። ካርፑን በዚያው ልክ ለመግደል ግን ከ75 እስከ 91 ሚሊግራም አስፈለገ። ሁለቱም ዓሦች ናቸው፤ ሁለቱም በስንጥብ ይተነፍሳሉ፤ የመቋቋም ኃይላቸው ግን ከአሥራ አምስት እጅ ያላነሰ ልዩነት አለው። ይኸው ትራውት ከውጭ አገር መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ዓሣ ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

የዓሣውን ሥቃይ ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። ሰው ውኃን ይጠጣዋል፤ ዓሣ ግን ይተነፍሰዋል። ሰው መጥፎውን ውኃ በቀን ሁለት ሦስት ሊትር ቢጠጣ ነው፤ ሌላ ካገኘም ይተወዋል። ዓሣ ሌሊትና ቀን ያንኑ ውኃ በስንጥቡ ሲያሳልፍ ይኖራል። ፍሎራይዱ በስንጥቡ ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደሙ ይገባል። ከገባውም አንዱ ክፍል በአጥንቱና በቅርፊቱ ይከማቻል። ይህ ለዓሣው መሸሸጊያ ነው ማለት ይቻላል፤ በአጥንት የታሰረ ፍሎራይድ ሌላውን አካል ለጊዜው አያገኘውምና። የቀረው ግን በአካል ውስጥ ሥራ የሚያፋጥኑትን ኤንዛይሞች ይይዛል፤ ምግብን ወደ ጉልበት በመለወጥ ሥራ ከሚረዱት አንዱ የሆነውን ኤኖሌዝ የተባለውን ያግዳል። እንዲህ ሲሆን ዓሣው በልቶም ጉልበት ያጣል። በሙከራው የታዩት ምልክቶችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። በመጀመሪያ ዓሣው ይደነዝዛል፤ ምግብ ይተዋል፤ ይከሳል፤ ከስንጥቡና ከቆዳው ልጋግ ይበዛል። ቀጥሎ ያለ አቅጣጫ ይወራጫል፤ ሚዛኑን ስቶ ይገለበጣል፤ በመጨረሻም ጡንቻው እንደ ተኮማተረ ይሞታል።

ውኃው ራሱ ደግሞ ሌላው ዳኛ ነው። ፒሜንቴልና በልክሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡትን እንጥቀስ። ኖራ እጅግ ባነሰበት ለስላሳ ውኃ የትራውቱን ግማሽ በአራት ቀን ለመግደል የበቃው ፍሎራይድ 51 ሚሊግራም ነበር፤ ኖራ በበዛበት ከባድ ውኃ ግን 193 ደረሰ። ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፤ ዓሣውንም ያበረታዋል። (ከላይ ከጠቀስነው ከ2.7 ጋር ይጋጫል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ያ በ20 ቀን፣ ይህ በ4 ቀን መሆኑን ያስታውስ። መርዝ በመጠን ብቻ ሳይሆን በቀንም ይቆጠራል።) ኒውሆልድና ሲግለርም በ1962 ተራው ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የፍሎራይድን ጉዳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። የውኃው መሞቅ ግን ጉዳቱን ያብሳል፤ ትንንሽ ዓሦችም ከትላልቆቹ ይልቅ ይጎዳሉ።

ስለዚህ በየሎውስቶን የአሜሪካ ፓርክ፣ ፍል ውኃ በሚገባበት ፋየርሆል ወንዝ ውስጥ፣ እስከ 14 ሚሊግራም በሚደርስ ፍሎራይድ ትራውት ይኖራል መባሉ ተረት አይደለም። በኬንያም በማጋዲ ሐይቅ ፍል ምንጮች ዳር አንዲት ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ ሌላ ዓሣ በሰዓታት በሚሞትበት የሶዳ ውኃ ውስጥ ትኖራለች። የላንጋኖውም እንደዚሁ ነው። ውኃው ጨው አለው፤ ዓሣውም ትውልድ በትውልድ እዚያው የኖረ ነው፤ መቋቋም ያቃተው ዘር ጥንት አልቋል። የሚያስፈራው ፍሎራይድ በነበረበት መኖሩ ሳይሆን ባልነበረበት በድንገት መምጣቱ ነው።

ይህን ይዘን ፍሎራይድ ከድንጋይ ሳይሆን ከፋብሪካ ወደ መጣበት ወንዝ እንሻገር። በአሜሪካ ምዕራብ የዋሽንግተንንና የኦሪገንን ግዛቶች የሚያዋስን ኮሎምቢያ የሚባል ታላቅ ወንዝ አለ። ሳልሞን የተባለው ዓሣ በዚህ ወንዝ ገባሮች ይወለዳል፤ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ያድጋል፤ ዕንቁላሉን ለመጣል ሲደርስ ደግሞ ወደ ተወለደበት ውኃ ሽቅብ ይመለሳል። የተወለደበትን ለይቶ የሚያውቀው በማሽተት ነው። የሚገርመውም ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ መተዉ ነው፤ በባሕር ባጠራቀመው ስብ ብቻ ይጓዛል። ስንቁን ቋጥሮ ገበያ በሌለበት መንገድ እንደ ተነሣ መንገደኛ ነው። በዘገየ ቁጥር ስንቁ ይጎድላል።

በወንዙ ላይ ብዙ ግድቦች ስለ ተሠሩ ለዓሣው መውጫ እንደ ደረጃ የተበጀ የውኃ መንገድ አለ። ጆን ዴይ ከሚባለው ግድብ ሲደርሱ ግን ሳልሞኖቹ ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1982 ድረስ ግድቡን ለማለፍ ከ150 ሰዓት በላይ፣ ማለት ከስድስት ቀን በላይ ይፈጅባቸው ነበር። በታች ካለው ከቦንቪል ግድብ በላይ እስካለው እስከ ማክኔሪ ግድብ ባለው መንገድም ከግማሽ የሚበልጡት ይጠፉ ነበር። እኛ ብንጠየቅ ጥፋቱን በግድቡ ላይ በጣልን ነበር።

ነገር ግን በግድቡ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ነበር። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ ለማውጣት አሉሚና የሚባለውን ነጭ ዱቄት ክራዮላይት በሚባል ፍሎሪን ባለበት ማዕድን ቅልጥ ውስጥ አሟሙቶ በኤሌክትሪክ መለየት ያስፈልጋል። ይህንን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ሳይተዋወቁ በየአገራቸው ያገኙት ሟሳን ፍሎሪንን ነጥሎ ባወጣበት በዚያው በ1886 ነው። ሁለቱም በ1863 ተወልደው በ1914 መሞታቸው፣ አዲስ አበባም በዚያው ዘመን መቆርቆሯ፣ የታሪክ ተማሪ ለሆኑ ጓደኞቻችን መጫወቻ ይሁናቸው። ወደ ነገራችን እንመለስና፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ምድጃ የሚወጣው ጢስ ፍሎራይድ አለበት። ጢሱ በውኃ ሲታጠብ ፍሎራይዱ ወደ ውኃው ይዛወራል፤ ያም ውኃ ሳይጣራ ከተለቀቀ አየሩ የጸዳው በወንዙ ኪሣራ ነው።

ዴቪድ ዳምኬርና ዳግላስ ዴይ የተባሉ የዓሣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 በግድቡ ያለውን ውኃ ሲለኩ ያገኙት ፍሎራይድ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ይህ የዝዋይ ሐይቅ ካለው እጅግ ያነሰ ነው! ሰው ቢጠጣው አይጎዳውም፤ አንዳንድ ከተሞች ለጥርስ ጥቅም ሲሉ በቧንቧ ውኃቸው ውስጥ የሚጨምሩት ከዚህ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልተዉትም። ሽቅብ የሚጓዘው ሳልሞን ምርጫ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ሁለት መንገድ ባለው ቦይ ሞከሩ። 0.5 ሚሊግራም ያህል ሲሆን ጉዞው እንደሚሰናከል፣ 0.2 ሲሆን ግን ዓሣው ያን ያህል እንደማይሰማው ተረዱ። ከ1983 እስከ 1986 ፋብሪካው ወደ ወንዙ የሚለቀውን ፍሎራይድ እጅግ ቀነሰ፤ በወንዙም ያለው አብሮ ቀነሰ። በዚያው ወቅት ሳልሞኖቹ ግድቡን ለማለፍ የሚፈጅባቸው ጊዜ 28 ሰዓት ሆነ፤ በመንገድ የሚጠፉትም ከመቶ አምስት አልሞሉም።

ከስድስት ቀን ወደ አንድ ቀን ከጥቂት! ሌላ ምክንያት አብሮ አልሠራም ብለን አንምልም፤ ወንዝ ቤተ ሙከራ አይደለምና። ግን ይህ ታሪክ በጣም አሳስቦናል። በ0.5 ሚሊግራም ሳልሞን ተመርዞ አይሞትም። ሬሳው ተመርምሮ ቢሆን እንኳ ፍሎራይድ ገደለው የሚል ሐኪም ባልተገኘም ነበር። ዓሣው ውኃው ባዕድ ሆኖበት ቆመ፤ ሲቆም ስንቁ አለቀ። በጥናት መጻሕፍት ውስጥ ግማሹ በስንት ሚሊግራም ይሞታል እየተባለ የሚቆጠረው ሁሉ እንዲህ ያለውን ሞት አይቆጥረውም።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ለውኃ ፍጥረታት ጥበቃ ያወጣችው ወሰን 0.12 ሚሊግራም መሆኑ ከዚህ ወዲያ አላስደነቀንም። ይህ ለሰው ከተፈቀደው ከ12 ጊዜ በላይ ያንሳል። የስፔኑ ሁሊዮ ካማርጎም በ2003 ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ ለስላሳ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ0.5 እንዳያልፍ መክሯል። የእርሱ ማስጠንቀቂያ ለዓሣው ብቻ ሳይሆን ዓሣው ለሚመገባቸው በውኃ ውስጥ ለሚያድጉ የነፍሳት ዕጮች ጭምር ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ውኃው ለመጠጥ ከበቃ ለሁሉም ይበቃል ይባላል። ለዓሣ ግን አይበቃም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለት የተሳሳቱ አባባሎች ያጋጥሙናል። አንደኛው፣ የሸለቆው ውኃ ከጥንቱም ፍሎራይድ ያለበት ስለ ሆነ ትንሽ ቢጨመርበት ምን አለ የሚል ነው። የአቢጃታ ሐይቅ መልስ ይሰጣል። ይህ ሐይቅ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ከሎ በኩል ውኃ ይቀበል ነበር። ጨዋማ ቢሆንም ቆሮሶ ነበረበት፤ በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ነጭ ይብራዎች ሻላ ውስጥ የሚጠመድ ዓሣ ስለሌለ እየበረሩ የሚመገቡት ከአቢጃታ ነበር። በላይ ያለው ውኃ ለመስኖ እየተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከሐይቁ ራሱ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተሳበ ሲሄድ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ወፎቹም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ሄዱ። የገደለው ፍሎራይድ ብቻ ነው ብንል ውሸት ይሆናል። ጨውም ሶዳውም ፍሎራይዱም አብረው ነው የወፈሩት። አንድ ሰው አንዲት ጠብታ ፍሎራይድ ሳይጨምርበት፣ ውኃውን በመውሰድ ብቻ፣ ለመዱ የተባሉት ዓሦች ከሚችሉት በላይ ሆነባቸው።

ሁለተኛው አባባል የሚፈራው ሸለቆው ብቻ ነው የሚለው ነው። ባየነው ሁሉ መሠረት ግን ይበልጥ መፍራት የሚገባን ለደጋው ወንዝ ነው። የደጋው ውኃ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳና ጨው የሌለው ነው፤ ዓሣውም ፍሎራይድ አያውቅም። ከፎስፌት ድንጋይ ማዳበሪያ የሚሠራ፣ ሸክላ ወይም መስተዋት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ከእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር ሲቆም፣ የሚለቀው ውኃ 1.5 አላለፈም ተብሎ የምስክር ወረቀት ቢሰጠው በኮሎምቢያ ሳልሞኖቹን ካስቆመው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሸለቆውም ቢሆን የመጠጥ ውኃን በአሉምና በኖራ አጣርቶ ፍሎራይዱን ማውጣት መልካም ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ከማጣሪያው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ወዴት ይደፋል የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ከሰው ጉሮሮ የዳነው ፍሎራይድ ወደ ጅረቱ ከተደፋ የተቀየረው ጠጪው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን በሌላ ዓርብ ለጓደኛችን መልሱን አቀረብንለት። ጥርስ የለመደውን ጥያቄ ትቶ የሆዱን ጠየቀን፤ «ታዲያ ዓሣውን ልብላው ወይስ ልተወው?» አለ። ብላው አልነው። ፍሎራይዱ የሚከማቸው በአጥንቱና በቅርፊቱ ነው፤ በሥጋው ያለው ትንሽ ነው። የሚያስጠነቅቀው ትንንሹን ዓሣ ከነአጥንቱ አድርቆና ፈጭቶ ለሚበላ ሰው ነው። ጓደኛችንም በሳህኑ ዳር የደረደረውን አጥንት ተመለከተና፣ ከጠረጴዛው ሥር ስትጠብቀው ለቆየችው ድመት ሊወረውር የዘረጋውን እጁን መለሰ።